ሞኒካ በባሏ ቤት

በሰሜን አፍሪቃ፥ ዛሬ አልጄሪያ በሚባለው አገር፥ ሱቅ አህራስ የምትባል ከተማ አለች። የሮማ ነገሥታት ያን አገር ሁሉ ይገዙ በነበረበት ዘመን የዚህች ከተማ ስም ተጋስጤ ነበረ። ምድሩ ተራራማ ነው፤ ስንዴና ዘይት የሚወጣውን ወይራ ያበቅላል። በዚያ አገር በ331 ወይም በ332 ዓመት ሞኒካ የምትባል ልጅ ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደች። በዚህ ንባብ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሞኒካን ታሪክ የጻፈው ልጇ አውግስጢኖስ ነው። እርሱ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህርና የሂጶ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ሳለ፥ በ397 ግድም ኑዛዜ የተባለውን ባለ ዐሥራ ሦስት ክፍል መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ፤ በዘጠነኛውም ክፍል የእናቱን ኑሮ ተረከ። ልጅ ስለ እናቱ ሲጽፍ ማመስገን ልማዱ ነው። አውግስጢኖስ ግን የእናቱንም ጥፋት፥ የአባቱንም ጥፋት፥ ከሁሉም ይልቅ የራሱን ጥፋት አልሸሸገም። ስለዚህ ቃሉ ይታመናል።

በሞኒካ አባት ቤት አንዲት አሮጊት ገረድ ነበረች። የሞኒካን አባት ሕፃን ሳለ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እርስዋ ስለ ሆነች፥ ጌቶቿ እንደ እናት ያከብሯት ነበር፤ ሴቶች ልጆቻቸውንም እንድታስተምርና እንድትቀጣ በእጇ ሰጧት። እርስዋም ልጆቹ ከማዕድ ሰዓት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይጠጡ ትከለክል ነበር። ዛሬ በየሰዓቱ ውሃ መጠጣት የለመደች ልጅ፥ ነገ አግብታ የጓዳው ቍልፍ በእጇ ሲገባ፥ በውሃው ፈንታ ወይን ጠጅ ትጠጣለች ብላ ታስብ ነበርና።

ይሁን እንጂ ጠባቂ ያለው ሁሉ አይጠበቅም። ሞኒካ ወይን ጠጅ እንድትቀዳ ወደ ጓዳ በተላከች ጊዜ፥ ወደ ማድጋው ከመገልበጧ በፊት በከንፈሯ ጫፍ ትቀምስ ጀመር። ስለ መጠጥ ፍቅር ሳይሆን በልጅነት ጨዋታ ነበር። ነገር ግን ዛሬ ጥቂት፥ ነገም በዚያ ላይ ጥቂት እየጨመረች፥ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ጽዋ እስከ መጠጣት ደረሰች።

ከእርስዋ ጋር ወደ ጓዳ የምትሄድ ሌላ ወጣት ገረድ ይህን ታይ ነበር። አንድ ቀን ሁለቱ ብቻቸውን ሳሉ ተጣሉ፤ ገረዲቱም ሰካራም ብላ ሰደበቻት። ይህን ያለችው ልታርማት ብላ አይደለም፤ ልቧን ልታቈስል ብላ ነው። ሞኒካ ግን ስድቡን በሰማች ጊዜ ወደ ራስዋ ተመለከተች፤ ነገሩም እውነት ሆኖ አገኘችው። ከዚያችም ሰዓት ጀምሮ ተወችው።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ ይፈለጋልና። ሰው በተሰደበ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው፥ ማን ሆና ነው እኔን የምትሰድብ ብሎ ነው። ሞኒካ ግን የተባለው እውነት መሆኑን መረመረች። እውነት በሆነ ጊዜ ተመለሰች። ሐሰት በሆነ ጊዜ ምን እንዳደረገች ደግሞ ቀጥሎ ታነባላችሁ።

ዕድሜዋ ለጋብቻ በደረሰ ጊዜ ወላጆቿ ጳጥሪቅዮስ ለሚባል ሰው ዳሯት። ጳጥሪቅዮስ ከከተማይቱ የሸንጎ ሰዎች አንዱ ነበረ። ይህ ሹመት ክብር ነበረው፤ ሸክምም ነበረበት። የሮማ መንግሥት ግብሩን በነዚህ የሸንጎ ሰዎች እጅ ያስከፍል ስለ ነበረ፥ ግብሩ በጐደለ ጊዜ ከገዛ ገንዘባቸው እንዲሞሉ ይገደዱ ነበር። የጳጥሪቅዮስ ሀብት ደግሞ ጥቂት ነበረ። ቍጣው ከዚህ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ልቡ ሳይከብደው ወደ ቤቱ የገባበት ቀን ብዙ እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

ጳጥሪቅዮስ አረማዊ ነበረ። ጠባዩም ሁለት መልክ ነበረው። ደግነቱ እጅግ ብዙ ነበረ፤ ቍጣውም እንደ እሳት ነበረ። ለትዳሩም የታመነ አልነበረም። እንግዲህ ወጣቲቱ ሞኒካ እምነቱ ከእምነቷ የተለየ፥ ቃሉ የሚያቃጥል ሰው ቤት ገባች። በዚያም ቤት የባሏ እናት ነበረች፤ ገረዶችም ነበሩ።

ክፉው ነገር የጀመረው ከገረዶቹ ነው። ምራቲቱን ለአማቲቱ ያሙ ጀመር። ሐሜት እንዴት እንደሚሠራ ልጆችም ያውቁታል። ሐሜተኛ ብዙ ጊዜ ሙሉ ሐሰት አይናገርም፤ ከእውነት ቍራጭ ወስዶ ፊቱን ያዞረዋል። ለምሳሌ አንዲት ምራት ሳይነጋ ተነሥታ ብትጸልይ፥ ከሥራ ልትሸሽ ነው ይላል። ለድኻ ምግብ ብትሰጥ፥ የባሏን ቤት ልታራቍት ነው ይላል። ዝም ብትል ኰራች፥ ብትናገር ደፈረች ይላል። የሚሰማውም ሰው አንድ ጊዜ ካመነ በኋላ፥ በዐይኑ የሚያየው ሁሉ ለሐሜቱ ምስክር ይሆንለታል። በሞኒካ አማትም እንዲሁ ሆነ። ልቧ በምራቷ ላይ ጠቈረ፤ ተቈጣቻትም።

እንዲህ ያለ ነገር በቤት ሲነሣ፥ አንዲቱ ሴት ወደ ባሏ ሮጣ፥ እኔና እናትህ በአንድ ቤት አንኖርም ትላለች። ሌላዪቱ በተራዋ ገረዶቹን ታማለች፤ በአንድ ሐሜት ፈንታ ቤቱ ሁለት ሐሜት ይኖረዋል። ሌላዪቱ ደግሞ ልቧን ዘግታ ታኰርፋለች። ይህች ሦስተኛዪቱ ለሰው ታጋሽ ትመስላለች። ነገር ግን ኵርፊያ ትዕግሥት አይደለም፤ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ቍጣ ነው እንጂ።

ሞኒካ ከነዚህ አንዱንም አላደረገችም። በልጅነቷ የተሰደበችው በእውነት ነበረና የምትተወው ጥፋት ነበራት፤ አሁን ግን የታማችው በሐሰት ነበረና የምትተወው ጥፋት አልነበራትም። ስለዚህ የቀደመ ጠባይዋን ይዛ ኖረች። አማቷን ማክበርና ማገልገል፥ በለሰለሰ ቃልም መናገር አላቋረጠችም። ሐሜት በአንድ ምሽት ወደ ቤት ይገባል፤ በአንድ ምሽት ግን አይወጣም። ሐሜተኞቹ በቃል ተናገሩ፤ እርስዋ በኑሮዋ መለሰች። በመጨረሻም በጆሮ የተሰማውና በዐይን የታየው ነገር ሳይስማማ ቀረ፤ አማቲቱም ከሁለቱ የትኛውን እንደምታምን መምረጥ ግድ ሆነባት።

አማቲቱ ማንም ሳይጠይቃት ወደ ልጇ ሄደች። በእርስዋና በምራቷ መካከል ሰላምን ያጠፉ ነገር ሠሪዎች ገረዶቹ መሆናቸውን ነግራ፥ እንዲቀጣቸው ለመነችው። ጳጥሪቅዮስም አስገረፋቸው። እናቱም፥ እርስዋን ደስ ላሰኝ ብሎ ምራቷን የሚያማ ሁሉ ከእርስዋ ዘንድ እንዲህ ያለውን ዋጋ እንዲጠብቅ አስታወቀች። ከዚያ ወዲያ የደፈረ የለም፤ ሁለቱም ሴቶች በመልካም ፍቅር ኖሩ።

ስለ ግርፋቱ ጥቂት ነገር መናገር ይገባል። በዚያ ዘመን የሮማውያን የቤት ገረዶች ባሮች ነበሩ፤ ጌታቸውም ሊገርፋቸው በሕግ ሥልጣን ነበረው። ይህ ክፉ ሕግ ነበረ፤ ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ ምሳሌ አይደለም። ቅጣቱንም የለመነች አማቲቱ ናት፤ ሞኒካ ይገረፉልኝ እንዳለች አልተጻፈም። ደግሞም ሐሜቱን ያሸነፈው ጅራፍ አይደለም። ጅራፉ በመጣ ጊዜ ሐሜቱ ቀድሞ ተሸንፎ ነበር።

አሁን ነገሩ ወደ ጳጥሪቅዮስ ይመለሳል። አማት ብትቈጣ ባል ያጽናናል፤ ባል ራሱ ሲሳሳትና ሲቈጣ ግን ሚስት ወደ ማን ትሄዳለች? የሞኒካ ትልቁ ፈተና ይህ ነበረ።

ጳጥሪቅዮስ ሲቈጣ ሞኒካ በሥራም ሆነ በቃል አትቃወመውም ነበር። ይህን የሚሰማ ሰው፥ ፈርታው ነው ይል ይሆናል፤ ወይም ባሏ ያለው ሁሉ ልክ ነው ብላ ታምን ኖሯል ይል ይሆናል። ሁለቱም አይደለም። ቍጣው በርዶ፥ ልቡ ወደ ስፍራው ተመልሶ፥ ጊዜው የተመቸ መሆኑን ባየች ጊዜ፥ ሳይመረምር ተቈጥቶባት እንደ ሆነ፥ ያደረገችውን ነገር ስለ ምን እንዳደረገችው ገልጣ ታስረዳው ነበር። ነገሩን አሳደረችው እንጂ አልዋጠችውም።

የተቈጣ ሰው ጆሮ እስከ አፉ እንደ ሞላ ማድጋ ነው፤ ብትጨምሩበት በውጭ ይፈስሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ሚስት በዚያ ሰዓት ንጹሕ መሆኗን ልታስረዳ ብትነሣ፥ ባል ድምፅዋን ይሰማል እንጂ ምክንያቷን አይሰማም። ድምፅም ድምፅን ይጠራል። መጀመሪያ ስለ አንድ ወጥ ወይም ስለ አንድ ሳንቲም የነበረው ነገር፥ ወዲያው ስለ ዘመድና ስለ ዘር ይሆናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ በዚያች ሰዓት የተወረወረውን ቃል ሮጦ የሚመልሰው የለም። ባልና ሚስቱ በማግስቱ ስለ ወጡ ይታረቃሉ፤ ስለ ዘር የተባለው ግን ዓመት ይቈያል።

ይሁን እንጂ ጊዜው ሲደርስ ዝም ማለትም ጥፋት ነው። ብዙ ሰው ቍጣው ካለፈ በኋላ፥ እንግዲህ ሰላም ሆኗል፥ ለምን እቀሰቅሰዋለሁ ብሎ ነገሩን ይተወዋል። ያልተገለጠ ነገር ግን በልብ ውስጥ እንደ ተሰበረ እሾህ ይቀራል። የተሳሳተውም ሰው መሳሳቱን ስላላወቀ ነገ ይደግመዋል። ከዚያም የተበደለው ሰው ብዙ ዘመን ያከማቸውን ሁሉ በአንድ ቀን ያፈስሰዋል፤ ሌላውም ይህ ሁሉ ከወዴት መጣ ብሎ ይደነግጣል። ሞኒካ ለባሏ ካደረገችለት ደግነት ሁሉ የሚበልጠው፥ ስሕተቱን መስማት በሚችልበት ሰዓት መንገሯ ነው።

ይህ ልማድ ለባልና ለሚስት ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት የአንዱ ልጅ ቀለም ፈስሶ ቢገኝና መምህሩ ሳይመረምር በሌላው ላይ ቢቈጣ፥ መምህርም ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ያ ልጅ በጉባኤው ፊት ከመጮኽ ይልቅ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ቀርቦ ነገሩን እንደ ሆነው ቢናገር የሚደመጥበት ዕድል ይበልጣል። መምህሩም እንዲህ ያለውን ልጅ ካልሰማ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ጊዜን መጠበቅ በአፍ ሲናገሩት ቀላል ነው። የተበደለ ሰው ግን ፍርዱን ዛሬ ይፈልጋል፤ አንዲት ሌሊት ተበድሎ ማደር ዓመት ትሆንበታለች። ሞኒካ ይህን ሸክም የቻለችው በእምነቷ ነው። ባሏ ሳያውቃት በፊት የሚያውቃት፥ አማቷ ሳትረዳት በፊት የተረዳት አምላክ እንዳለ ታምን ነበር። ሰው ሁሉ ቢሳሳትባት አንዱ አይሳሳትባትም፤ ስለዚህ እውነቱ ነገ ቢገለጥ እንኳ ዛሬ የጠፋ አልመሰላትም። ለጳጥሪቅዮስም ስለ እምነቷ በቃል አብዝታ አትከራከረውም ነበር፤ ጠባይዋን ስብከት አደረገችለት።

ትዕግሥት የሚስት ዕዳ ብቻ ሆኖ ለሚመስለው ሰው የዮሴፍን ነገር ማሰብ ይበቃዋል። በማቴዎስ ወንጌል እንደ ተጻፈ፥ ዮሴፍ የማርያምን መፅነስ ባወቀ ጊዜ ምሥጢሩን ገና አልተረዳም ነበር። በሰው ዐይን ቢታይ የሚያስቈጣ ነገር ነበረ። እርሱ ግን በአደባባይ ሊያዋርዳት አልወደደም፤ በስውር ሊተዋት አሰበ፤ በዚህም አሳብ ላይ ሳለ መልአኩ በሕልም እውነቱን ገለጠለት። ዮሴፍ ያን ቀን ቸኵሎ ቢጮኽ ኖሮ፥ መልአኩ የመጣው ነገር ከተበላሸ በኋላ በሆነ ነበር። ስለዚህ በሐሰት የተጠረጠረችው ብቻ ሳትሆን የሚጠረጥረውም ሰው ጊዜን መጠበቅ አለበት፤ ጳጥሪቅዮስ ይህን ገና አልተማረም ነበር።

በተጋስጤ ብዙ ሴቶች ነበሩ፥ ባሎቻቸውም ከጳጥሪቅዮስ ይልቅ ገሮች ነበሩ። ነገር ግን ከነርሱ ብዙዎቹ የዱላ ምልክት በፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ሲገናኙም ስለ ባሎቻቸው ጠባይ ያወሩ ነበር። ሞኒካ ደግሞ አንደበታቸውን ትወቅስ ነበር፤ ቀልድ አስመስላ፥ ነገር ግን ከልቧ፥ የጋብቻው ውል በተነበበ ቀን ባሪያ የሆኑበት ወረቀት እንደ ተነበበ አድርገው እንዲቈጥሩት ትመክራቸው ነበር። ሴቶቹም የጳጥሪቅዮስን ቍጡነት ስለሚያውቁ፥ ሚስቱን መታ ሲባል አንድ ቀን ስላልሰሙ፥ ምልክትም ስላላዩባት ተደነቁ። ምክንያቱን በጠየቋት ጊዜ ልማዷን ነገረቻቸው። ምክሯን የተከተሉት አመሰገኗት።

ይህን ክፍል የዛሬ አንባቢ ተጠንቅቆ ሊያነበው ይገባዋል። ሚስት ባሪያ አይደለችም። ሞኒካ የተናገረችው ባል በቤቱ ከልክ ያለፈ ሥልጣን በነበረው ዘመንና አገር ሆና ነው። የተመታች ሴት የተመታችው አንደበቷን ስላልጠበቀች ነው ማለትም ሐሰት ነው፤ ጥፋቱ እጁን ያነሣው ሰው ነው። ዱላ በተነሣበት ቤት ያለች ሴት ወደ ወላጆቿ ብትሄድ፥ ለሽማግሌ ወይም ለዳኛ ብትናገር፥ ከትዕግሥት አልጐደለችም። ትዕግሥት ስፍራው ቃል በሚያቃጥልበት፥ አንዱ የሌላውን አሳብ ሳይረዳ በሚቀርበት ቤት ነው። አጥንት በሚሰበርበት ቤት ግን አስቀድሞ የሚያስፈልገው መጠጊያ ነው።

ሞኒካ ሌላም መልካም ነገር ነበራት። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዷ መጥታ ስለ ሌላዪቱ መራራ ነገር ትነግራት ነበር፤ ሌላዪቱም በተራዋ መጥታ ትነግራት ነበር። ሞኒካ ከሁለቱም የሰማችውን በልቧ ትቀብረዋለች፤ ከአንዷ ወደ ሌላዪቱ የምታደርሰው የሚያስታርቀውን ቃል ብቻ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አውግስጢኖስ ግን፥ በጠላትነት የተነገረውን ቃል ለጠላት የሚያደርሱ፥ ያልተነገረውንም የሚጨምሩበት ሰዎች ስፍር ቍጥር የሌላቸው መሆናቸውን አይቶ ስላዘነ፥ የእናቱን ነገር ትንሽ አላለውም። የገረዶች ሐሜት ቤቷን ሊያፈርስ የነበረባት ሴት፥ የሌላውን ቤት በአንደበቷ አላፈረሰችም።

ጳጥሪቅዮስ በአንድ ቀን የተለወጠ ሰው አይደለም። ባልና ሚስቱ አውግስጢኖስን፥ ናቪግዮስንና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። አውግስጢኖስ የተወለደው ኅዳር ወር፥ በ354 ነው። ጳጥሪቅዮስ እርሱ ራሱ ሳያምን፥ ልጆቹ በእናታቸው እምነት ሲያድጉ አልከለከለም፤ ይህም ሊታሰብለት ይገባል። ሀብቱ ጥቂት ሳለ፥ ልጁ በትልቂቱ ከተማ በቅርጣግና እንዲማር ከዐቅሙ በላይ ገንዘብ አወጣ፤ ከእርሱ የበለጡ ባለጠጎች ለልጆቻቸው ያላደረጉትን ስላደረገ ሰዎች ያመሰግኑት ነበር። አውግስጢኖስ ዐሥራ ስድስት ዓመት በሆነው ጊዜ አባቱ ንዑሰ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፤ ይኸውም ገና ሳይጠመቅ የሃይማኖትን ትምህርት የሚማር ማለት ነው። በሕይወቱም መጨረሻ ተጠመቀ፤ በ371 ግድም ሞተ። ካመነ በኋላ፥ ሞኒካ ቀድሞ ስትታገሠው የኖረችውን ነገር ዳግመኛ አላየችበትም።

ከአውግስጢኖስ መወለድ ጀምሮ ብቻ ቢቈጠር እንኳ ይህ ጥበቃ ዐሥራ ስድስት ዓመት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ያገኘችው ደስታ ደግሞ አጭር ነበረ። ታጋሽ ሰው ሁሉ ዋጋውን በዚህ ዓለም ቈጥሮ ይቀበላል ብሎ ለልጆች ማስተማር አይገባም፤ እውነት አይደለምና።

ሞኒካም በሁሉ ነገር ያልሳተች አትምሰላችሁ። ለባሏ ጊዜን መጠበቅ የቻለች ሴት፥ ለልጇ መጠበቅ ከበዳት። አውግስጢኖስ የማኒ ተከታዮች የሚባሉትን መናፍቃን በተከተለ ጊዜ፥ በማዕዷ እንዳይቀርብ ከለከለችው፤ በኋላ ግን ተመልሳ ተቀበለችው። በ383 ከቅርጣግና ወደ ሮማ ሊሄድ በተነሣ ጊዜም ወደ ባሕሩ ወደብ ተከትላ፥ ወይ ቅር፥ ወይ ይዘኸኝ ሂድ ብላ ያዘችው። እርሱም ዋሻት፤ ወዳጁን ለመሸኘት ነፋስ እየጠበቀ መሆኑን ነገራት። እርስዋ በወደቡ አጠገብ ባለው በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቤት በጸሎትና በእንባ ስታድር፥ እርሱ በሌሊት በመርከብ ሄደ። ጧት ባሕሩን ባዶ ሆኖ ባየችው ጊዜ እጅግ አለቀሰች። ነገር ግን ስለ እርሱ መጸለይን አልተወችም፤ ባሕር ተሻግራም ሚላኖ ድረስ ተከተለችው። በዚያም ኤጲስ ቆጶሱ አምብሮስዮስ በ387 በፋሲካ አውግስጢኖስን ሲያጠምቀው በዐይኗ አየች።

በዚያው ዓመት እናትና ልጆች ወደ አገራቸው ወደ አፍሪቃ ሊመለሱ ተነሥተው በሮማ አጠገብ ወዳለችው ወደ ኦስትያ ወደብ ወረዱ። ሞኒካ በዚያ በንዳድ ታመመች።

ቀድሞ ስለ መቃብሯ እጅግ ታስብ ነበር። ጳጥሪቅዮስ በተቀበረበት አጠገብ የራስዋን መቃብር አዘጋጅታ ነበር። አውግስጢኖስ እንደሚለው እጅግ ተስማምተው የኖሩ ነበሩና፥ የሁለቱን ዐፅም አንድ አፈር እንዲሸፍነው ትመኝ ነበር፤ ባሕር ተሻግራ ከሄደች በኋላ ተመልሳ ከባሏ ጋር ተቀበረች መባልንም ትወድ ነበር። ቍጡ የነበረውን፥ ትዳሩን ያጐደለውን፥ አጥርቶ ሳያውቃት የተቈጣትን ሰው ነው እንዲህ የምትፈልገው። በሽታው በጠናባት ጊዜ ግን ይህንንም ምኞት ለቀቀችው። ናቪግዮስ በባዕድ አገር እንዳትሞት ሲመኝላት በዐይኗ ገሠጸችው፤ ሥጋዋን በማናቸውም ስፍራ እንዲቀብሩት፥ ብቻ በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት አዘዘቻቸው። ከአገሯ ርቃ መቀበሯ ያስፈራት እንደ ሆነ በጠየቋት ጊዜም፥ ለእግዚአብሔር ሩቅ የሚሆን ስፍራ እንደሌለ መለሰች። በታመመች በዘጠነኛው ቀን፥ በ56 ዓመቷ ሞተች።

በኦስትያ ተቀበረች። በ1430 ዐፅሟን ወደ ሮማ ወሰዱት። በ1945 በኦስትያ ልጆች ለጨዋታ ምሰሶ ሊተክሉ ጕድጓድ ሲቈፍሩ በመቃብሯ ላይ ከነበረው ጽሕፈት የተሰበረ ድንጋይ አገኙ። የጳጥሪቅዮስ ዐፅም ግን በባሕር ማዶ በአፍሪቃ ቀረ።

አውግስጢኖስ በዘጠነኛው ክፍል ፍጻሜ፥ መጽሐፉን የሚያነቡ ሁሉ ወላጆቹን በጸሎታቸው እንዲያስቡለት ለመነ። በዐሥራ ሦስቱ ክፍል ሁሉ የእናቱ ስም የተጻፈው በዚህ ስፍራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አጠገቡም የጳጥሪቅዮስ ስም ተጽፏል።